የአንድ አኃዝ ታሪክ፤ ጨረር የኑክሊየር ነዳጅን ሙቀት አስተላላፊነት እንዴት እንደሚያዳክም

መሐንዲስ ሥራውን የሚጀምረው ከሠንጠረዥ ነው። የብረትን ጥንካሬ፣ የውሃን ጥግግት፣ የሸክላን ሙቀት አስተላላፊነት ሌሎች ለክተው ካሳተሙት መጽሐፍ ይወስድና ስሌቱን በዚያ ላይ ያቆማል። ይህ ባይሆን ኖሮ ድልድይም ግድብም ባልተሠራ ነበር። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ አኃዝ የተለካው በአንድ ወቅትና በአንድ ናሙና ላይ ነው። ናሙናው አዲስ ከነበረና በሥራ ላይ የሚውለው ዕቃ ግን እያደር የሚያረጅ ከሆነ፣ አኃዙ ውሎ አድሮ የሌላ ዕቃ አኃዝ ሆኖ ይቀራል።

የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ሙቀት አስተላላፊነት ታሪክ ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው። ይህ ሴራሚክ በዓለም ላይ ባሉት አብዛኞቹ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫዎች ውስጥ በነዳጅነት ያገለግላል። ጨረር ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታውን እንደሚቀንስበት የሚያሳዩ መለኪያዎች በ1960 ገደማ ታይተዋል፤ ነገሩ በደኅንነት ስሌት ውስጥ ተገቢውን ቦታ ያገኘው ግን ከ40 ዓመታት ያላነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ያህል ዘመን ለምን እንደወሰደ መመርመር ከኑክሊየር ሙያ ውጭ ላለው መሐንዲስም ቁም ነገር አለው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴራሚኩ ለምን ተመረጠ?

ጀርመናዊው ኬሚስት ማርቲን ክላፕሮት በ1789 አዲስ ንጥረ ነገር አገኘሁ ብሎ ዩራኒየም የሚል ስም ሲያወጣለት፣ በእጁ የነበረው ብረቱ ሳይሆን ኦክሳይዱ ነበር። ፈረንሳዊው ኤዠን ፔሊጎ ንጹሑን ብረት ለይቶ በማውጣት ስሕተቱን ያረመው በ1841 ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1942 በቺካጎ የመጀመሪያው ሪአክተር ሲሠራ፣ በግራፋይቱ ክምር ውስጥ ብረቱም ኦክሳይዱም ገብተው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የመሐንዲሶች ዓይን ወደ ብረቱ አዘነበለ። በ1956 በእንግሊዝ አገር የተመረቀው የኮልደር ሆል ኃይል ማመንጫም ነዳጁ የዩራኒየም ብረት ነበር።

ብረቱ የተወደደበት ምክንያት ቀላል ነው። ሙቀትን 27 ዋት በሜትር በዲግሪ ያህል ስለሚያስተላልፍ፣ በውስጡ የሚፈልቀው ሙቀት ሳይታፈን ወደ ውጭ ይወጣል። ጠባዩ ግን አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። በጨረር ሲመታ ክሪስታሉ በአንድ አቅጣጫ ይረዝማል፣ በሌላው አቅጣጫ ይኮማተራል። በ668 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የአቶሞቹ አደራደር ፈጽሞ ይለወጣል። የብረት ሽፋኑ ከተቀደደም ትኩስ ውሃ ይበላዋል።

ስለዚህ በአሜሪካ በታኅሣሥ 1957 ኃይል ማመንጨት በጀመረው በሺፒንግፖርት ጣቢያ፣ የዋናውን እምብርት ዙሪያ ለሚሞሉት ዘንጎች የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ እንክብሎች ተመረጡ። እንክብሎቹ በዚርኮኒየም ቅይጥ ቱቦ ውስጥ ተደርድረው የታሸጉ ነበሩ። ኦክሳይዱ የሚቀልጠው በ2,850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ከትኩስ ውሃ ጋር በቀላሉ አይዋጋም። የክሪስታሉ ቅርጽ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስለሆነ እንደ ብረቱ አይጣመምም። አቶም ሲሰነጠቅ የሚወለዱትን ባዕድ ንጥረ ነገሮችም አብዛኞቹን በሆዱ ይዞ ይቆያል።

ለዚህ ሁሉ ጥቅም የተከፈለው ዋጋ ሙቀት አስተላላፊነቱ ነው። አዲሱ እንክብል በተራ የክፍል ሙቀት 8 ዋት በሜትር በዲግሪ ያህል ያስተላልፋል፤ በ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግን ከ3 በታች ይወርዳል። ሴራሚክ ሙቀትን እያዘገመ እንደሚያስተላልፍ በሸክላ ምጣድ የጋገረ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሳቱ ከሥር እየነደደ ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። በነዳጁ እንክብል ግን እሳቱ ከሥር ሳይሆን ከራሱ ከሴራሚኩ ውስጥ ይነሣል። ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲሜትር በማይበልጥ እንክብል፣ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ባለው ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ብቻ፣ የሙቀቱ መጠን በብዙ መቶ ዲግሪ ይለያያል። እንክብሉ ሥራ በጀመረ ሰሞን የሚሰነጣጠቀውም ከዚሁ ልዩነት የተነሣ ነው። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ደካማ አስተላላፊ መሆኑን እያወቁ መረጡት። ያልታያቸው ከዚህ የባሰ ሊደክም መቻሉ ነው።

ሙቀት በክሪስታል ውስጥ እንዴት ይጓዛል?

በብረት ውስጥ ሙቀትን የሚያጓጉዙት በነፃ የሚንቀሳቀሱት ኤሌክትሮኖች ናቸው። በሴራሚክ ውስጥ ግን ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚወድቀው በራሳቸው በአቶሞቹ ላይ ነው። አንዱ አቶም ሲርገበገብ ጎረቤቱን ይነቀንቃል፤ ንቅናቄውም እንደ ሞገድ ይተላለፋል። አርኖልድ ኦይከን በ1911 የክሪስታሎች ሙቀት አስተላላፊነት የሙቀት መጠናቸው ከፍ ባለ ቁጥር እየቀነሰ እንደሚሄድ ለክቶ አሳየ። ፒተር ደባይ በ1914 ነገሩን በሞገዶች ጉዞ ሊያስረዳ ሞከረ። ሩዶልፍ ፓይርልስ ደግሞ በ1929 ሞገዶቹ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው የሙቀትን ጉዞ የሚገቱበትን ሕግ አገኘ። እነዚህ የተቆጠሩ ሞገዶች ፎኖን ይባላሉ።

ለዚህ ታሪክ ዋናው እርምጃ የተወሰደው በ1955 ነው። በዚያ ዓመት ፖል ክሌመንስ በክሪስታሉ ድርድር ውስጥ ያለ አንዲት ጉድለት፣ ማለት የጎደለ ወይም ያለቦታው የገባ ወይም ባዕድ የሆነ አቶም፣ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚበትነው በስሌት አሳየ። በጸጥተኛ ኩሬ ላይ የሚጓዝ ሞገድ ችካል በበዛበት ስፍራ እንደሚበታተን ማለት ነው።

ከዚህም ቀላል መመሪያ ይገኛል። ሙቀት በሴራሚክ ውስጥ ሲያልፍ ሁለት እንቅፋቶች ይገጥሙታል። አንደኛው የሞገዶች የእርስ በርስ ግጭት ሲሆን ከሙቀት መጠን ጋር እየጨመረ ይሄዳል። ሁለተኛው ከጉድለቶች የሚመጣው ነው፤ ይህ በጉድለቶቹ ብዛት እንጂ በሙቀት መጠን አይወሰንም። ሁለቱ ይደመራሉ፤ አስተላላፊነቱም የድምሩ ግልባጭ ነው። ስለዚህ እንክብሉ ቀዝቀዝ ባለበት ስፍራ የጉድለቶቹ ድርሻ ጎልቶ ይታያል፤ እጅግ በጋለበት ስፍራ ግን በሌላው እንቅፋት ይዋጣል። ይህ መመሪያ የታሪኩን ግማሽ ያስረዳል፤ የመሳሳቱንም ምክንያት በውስጡ ይዟል።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ዩጂን ዊግነር በ1942፣ ትላልቆቹ ሪአክተሮች ገና ሳይሠሩ፣ ኒውትሮኖች የግራፋይትን አቶሞች ከቦታቸው እንደሚነቅሉና የቁሱን ባሕርይ እንደሚለውጡ ተንብዮ ነበር። ትንቢቱም ደረሰ። ግራፋይቱ በጨረር ሲመታ አስተላላፊነቱ ከመቀነሱም በላይ በተነቀሉት አቶሞች ውስጥ ኃይል ይከማች ጀመር። በጥቅምት 1957 በእንግሊዝ አገር በዊንድስኬል በደረሰው የእሳት አደጋ፣ ነገሩ የተጀመረው ይህን የተከማቸ ኃይል በማሞቅ ለማስወጣት ሲሞከር ነው።

በኦክሳይድ ነዳጅ ውስጥ ግን ዋናው አጥፊ ኒውትሮን አይደለም። አንድ የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ከሚወጣው 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኃይል ውስጥ 170 ሚሊዮን የሚሆነውን ይዘው የሚወነጨፉት ሁለቱ ስባሪዎች ናቸው። እነርሱም 10 ማይክሮሜትር ያህል እንኳ ሳይርቁ ይቆማሉ። በዚች አጭር መንገድ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ አቶሞችን ከቦታቸው ያፈናቅላሉ። ከተፈናቀሉት አብዛኞቹ ወዲያው ወደ ድርድሩ ይመለሳሉ፤ ነገር ግን መሰንጠቁ ያለማቋረጥ ስለሚቀጥል፣ በነዳጁ የሥራ ዘመን እያንዳንዱ አቶም ከመቶ ጊዜ በላይ ይነቀላል። ይህ ሁሉ ሲደርስበት ኦክሳይዱ የክሪስታል ቅርጹን አለመልቀቁ የሚያስደንቅ ነው።

ቅርጹ ይቆያል እንጂ ውስጡ እንደነበረ አይቆይም። ሦስት ዓይነት ቅሬታዎች ይተዉበታል። አንደኛው ንጹሕ የጨረር ጉዳት ነው፤ ባዶ የቀሩ ስፍራዎች፣ በአቶሞች መካከል የተሰገሰጉ አቶሞች፣ የእነዚህም ክምችት። ሁለተኛው ከመሰንጠቁ የተወለዱት ባዕድ አቶሞች ናቸው። ከመቶ የዩራኒየም አቶሞች አምስቱ ሲሰነጠቁ አሥር ባዕዳን በድርድሩ ውስጥ ይገባሉ። ከእነዚህም እንደ ኒዮዲሚየም ያሉት በኦክሳይዱ ውስጥ ሟሙተው ይቀራሉ። ሦስተኛው ዜኖንና ክሪፕተን የተባሉት ጋዞች የሚፈጥሯቸው ጥቃቅን አረፋዎች ናቸው። ሦስቱም ሙቀትን ያግዳሉ። ልዩነታቸው የመጀመሪያው በሙቀት የሚድን፣ ሁለተኛው ግን የማይድን መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ መለኪያዎችና ያሳመኑት ነገር

በካናዳ በቾክ ሪቨር ምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ኤ. ኤም. ሮስ በ1960 ባወጣው ዘገባ፣ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ አስተላላፊነት ከጥግግቱ፣ ከውስጥ ቅንብሩ፣ ከኦክሲጅኑ መጠንና ከኒውትሮን ጨረር ጋር ያለውን ግንኙነት መረመረ። በ1962 ደግሞ ሮበርትሰን፣ ሮስ፣ ኖትሊና ማኬዋን በአንድነት በነዳጅ ዘንግ ውስጥ ያለውን የሙቀት ሥርጭት የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተሙ። የዘንጉ ኃይል በርዝመቱ ሲካፈል የሚገኘው አኃዝ፣ ከእንክብሉ ጠርዝ እስከ መካከሉ ካለው የአስተላላፊነት ድምር ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ፣ ዘንጉ ከሪአክተር ወጥቶ ሲቆረጥ መካከሉ የቀለጠበትን ወይም ቅንጣቶቹ ያደጉበትን ወሰን አይቶ አስተላላፊነቱን መገመት ይቻል ነበር። ዘዴው ብልሃት የተሞላበት ነው፤ የሚሰጠው ግን የጠቅላላውን ድምር እንጂ የየስፍራውን ዝርዝር አልነበረም።

ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ሥራዎች አንድ የጋራ አስተያየት ወጣ። በቀዝቃዛ ሁኔታ ጨረር የመታው ኦክሳይድ አስተላላፊነቱ ይቀንሳል፤ ቅነሳው ግን ቶሎ ከአንድ ወሰን ደርሶ ይቆማል፤ ናሙናው ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅም ጉዳቱ እየዳነ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የአቶም ኃይል ኤጀንሲ በ1966 በዚሁ ጉዳይ ላይ የባለሙያዎች ጉባኤ ዘገባ እስከማሳተም ደርሶ ነበር። የእንክብሉ አብዛኛው ክፍል ከ500 ዲግሪ በላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ ጉዳቱን በስሌት ውስጥ መተው ያን ያህል ስሕተት አይመስልም ነበር። በእርግጥም በአዲስ ነዳጅ ላይ ያን ያህል ስሕተት አልነበረም።

የተለየ ድምፅም ተሰምቶ ነበር። በአሜሪካ በቤቲስ ላቦራቶሪ ዳንኤልና ኮኸን በ1964 ባወጡት ዘገባ፣ ብዙ በተቃጠለ ነዳጅ ላይ በሪአክተር ውስጥ የተለካው አስተላላፊነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አመለከቱ። ነገር ግን ይህን ዓይነቱን መለኪያ በሌላ መንገድ መተርጐም ይቻላል። የእንክብሉ መካከል ከተጠበቀው በላይ ከጋለ ምክንያቱ ሴራሚኩ ሊሆን ይችላል፤ በእንክብሉና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ሊሆን ይችላል፤ ስንጥቆቹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ወደ ክፍተቱ የወጣው ዜኖን ሊሆን ይችላል። ዜኖን በፋብሪካ ከሚሞላው ሂሊየም ይልቅ እጅግ ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ነውና። ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ሲሆኑ፣ በሠንጠረዥ ታትሞ የተከበረው አኃዝ ሳይጠየቅ ያልፋል።

ሌላም ምክንያት ነበር። በዚያን ዘመን በውሃ በሚቀዘቅዙ ሪአክተሮች ውስጥ የነበረው ነዳጅ በአንድ ቶን ዩራኒየም ከ33,000 ሜጋዋት-ቀን ብዙም ሳያልፍ ይወጣ ነበር። ጥፋቱ ገና ስላልከመረ ስሕተቱ በስሌቱ መጠባበቂያ ውስጥ ይሸፈናል። በ1979 በአሜሪካ የወጣው ማትፕሮ የተባለው የነዳጅ ባሕርያት ስብስብ እንኳ፣ በአስተላላፊነቱ ቀመር ውስጥ ለነዳጁ ዕድሜ ቦታ አልሰጠም። የኃይል ድርጅቶች ወጪን ለመቀነስ ነዳጁን ለረጅም ጊዜ ማቃጠል ሲጀምሩና በአሜሪካ የአንድ ዘንግ አማካይ ወሰን 62,000 ሜጋዋት-ቀን በቶን ሲደርስ፣ የቀድሞው አኃዝ ከተለካበት ሁኔታ ርቆ ሄደ።

የሃልደን ቴርሞካፕሎች

ነገሩን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ነዳጁ እየሠራ፣ ዓመታት እያለፉ፣ የዚያኑ ዘንግ የመካከል ሙቀት መከታተል ነበር። ይህን ያደረገው በኖርዌይ የሃልደን ሪአክተር ነው። ሃልደን የብዙ አገሮች የጋራ ፕሮጀክት ሆኖ በ1958 ተቋቋመ፤ ሪአክተሩ በ1959 ሥራ ጀመረ፤ በ2018 ተዘጋ። በዐለት ተራራ ውስጥ ተፈልፍሎ የተሠራ ሲሆን፣ የሚያወጣውን እንፋሎት አጠገቡ ለሚገኘው የወረቀት ፋብሪካ ይሰጥ ነበር። ዝናው ግን በመለኪያ ጥበቡ ነው። በእንክብሎቹ መካከል ቀጭን ቀዳዳ አበጅተው ቴርሞካፕል በማስገባት፣ ሪአክተሩ እየሠራ የመካከሉን የሙቀት መጠን ያነቡ ነበር።

ዊሴናክ በ1997 እነዚህን ንባቦች አጠናቅሮ አቀረበ። በእኩል ኃይል የሚሠራ ዘንግ የመካከል ሙቀቱ ከዓመት ወደ ዓመት ከፍ ይላል። ክፍተቱ ጠብቦ እንክብሉና ቱቦው ከተገናኙ በኋላ እንኳ መውጣቱ አይቆምም። ስለዚህ ተጠያቂው ሴራሚኩ ራሱ ነው። በኋላ እንደተጠቃለለው፣ አስተላላፊነቱ በየ10,000 ሜጋዋት-ቀን በቶን ከ5 እስከ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

የዚህን ትርጉም በምሳሌ ማየት ይቻላል። በሜትር 20 ኪሎዋት የሚሰጥ ዘንግ የእንክብሉ ጠርዝ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው እንበል። ከሃልደን ንባቦች በወጣው ቀመር ሲሰላ የአዲሱ እንክብል መካከል 960 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በአንድ ኪሎግራም ኦክሳይድ 50 ሜጋዋት-ቀን የሰጠው አሮጌ እንክብል ግን በዚያው ኃይልና በዚያው የጠርዝ ሙቀት 1,210 ዲግሪ ያህል ይደርሳል። ሁለቱን አንድ አድርጎ የሚያይ ስሌት በ250 ዲግሪ ይሳሳታል ማለት ነው።

ጉዳቱን ከባዕዳን አቶሞች መለየት

ሃልደን ጠቅላላውን ቅነሳ አሳየ እንጂ ከሦስቱ ቅሬታዎች የትኛው ምን ያህል እንዳጠፋ አልለየም። ይህን ለመለየት በቾክ ሪቨርና በጀርመን በካርልስሩኸ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሲምፊውል የተባለ ሰው ሠራሽ አሮጌ ነዳጅ አዘጋጁ። ይኸውም በአዲስ ኦክሳይድ ውስጥ፣ በሪአክተር ቢቃጠል ኖሮ ይወለዱበት የነበሩትን ዋና ዋና ንጥረ ነገሮች በልካቸው ጨምሮ መጋገር ነው። እንዲህ ያለው እንክብል ባዕዳኑ አሉበት፤ ጨረር ግን አልነካውም። ስለዚህ በሲምፊውልና በእውነተኛው አሮጌ ነዳጅ መካከል የሚቀረው ልዩነት ባብዛኛው የጨረሩ ሥራ ነው።

ለመለኪያው ያገለገለው በ1961 ፓርከርና ጓደኞቹ ያወጡት ዘዴ ነው። በስስ ናሙና አንድ ፊት ላይ የብርሃን ብልጭታ ይለቀቃል፤ ሙቀቱ በሌላው ፊት ለመታየት የሚወስደው ጊዜ ይለካል። ሉኩታ፣ ማትስከና ሄስቲንግስ በ1996 ውጤቱን ሲያጠቃልሉ፣ ንጹሑ የጨረር ጉዳት በዝቅተኛ ሙቀት አስተላላፊነቱን 20 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ፣ ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግን ድርሻው እየጠፋ እንደሚሄድ አስቀመጡ።

ሮንኪ፣ ሼይንድሊን፣ ስታይኩና ኪኖሺታ በ2004 ያሳተሙት ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጠራው። እስከ 100,000 ሜጋዋት-ቀን በቶን የደረሰ እውነተኛ ነዳጅ ወስደው እያሞቁና እያቀዘቀዙ ለኩ። ናሙናው ከሞቀ በኋላ ሲቀዘቅዝ አስተላላፊነቱ ቀድሞ ከነበረው ከፍ ብሎ ተገኘ። የዳነው ክፍል የጉዳቱ ነው፤ ሳይድን የቀረው የባዕዳኑና የአረፋዎቹ ነው። የሚድነው መጠንም ነዳጁ በሪአክተር ውስጥ በምን ያህል ሙቀት እንደሠራ ይወሰናል። ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር። ከሪአክተር የወጣ ነዳጅ በውስጡ ያሉት ከባድ አቶሞች አልፋ ጨረር ስለሚያወጡ፣ በቀዝቃዛ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም አቶሞቹ ይነቀላሉ። ስለዚህ በላቦራቶሪ የሚለካው ጉዳት ሁሉ በሪአክተሩ ውስጥ የነበረው ላይሆን ይችላል።

የ1960ዎቹ ተመራማሪዎች እንግዲህ ያዩት ሐሰት አልነበረም። ጉዳቱ በሙቀት እንደሚድን በትክክል ተናግረዋል። የጎደለው በድርድሩ ውስጥ ሟሙቶ የሚከማቸው የማይድነው እንቅፋት ነበር፤ ይህም በእነርሱ ዘመን ነዳጅ ውስጥ ገና ጥቂት ነበር።

መዘዙ

የመካከሉ ሙቀት ከፍ ማለቱ የሚያሳስበው ኦክሳይዱ ይቀልጣል ተብሎ ብቻ አይደለም። የጋለ እንክብል ጋዙን በብዛት ይለቅቃል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊትም ይጨምራል። ከሁሉ በላይ በእንክብሉ ውስጥ የተቋጠረ ሙቀት ይበዛል። የማቀዝቀዣ ውሃ በድንገት ቢጠፋ ይህ ቋጠሮ ወደ ቱቦው ይፈስሳል። በአሜሪካ በ1974 የወጣው ደንብ በእንዲህ ያለ አደጋ የቱቦው ሙቀት ከ1,204 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ ያዛል። የመነሻውን ቋጠሮ አሳንሶ የሚገምት ስሌት የመጨረሻውንም ከፍታ አሳንሶ ይገምታል።

በ1997 የወጣው ፍራፕኮን-3 የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቅነሳውን በቀመሩ ውስጥ አስገባ። የአሜሪካ የኑክሊየር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ደግሞ በጥቅምት 2009 ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ከ1999 በፊት የጸደቁ የስሌት ፕሮግራሞች ይህን ቅነሳ ሳያካትቱ ሊቀሩና ውጤታቸው ለጥንቃቄ የማይበቃ ሊሆን እንደሚችል አስታወቀ። በ2011 ሌላ ማሳሰቢያ ተከተለ። ከሮስ ዘገባ እስከ 2009 ማሳሰቢያ 49 ዓመታት አልፈዋል።

መደምደሚያ

በዚህ ታሪክ ውስጥ መረጃ የደበቀ ወይም ሥራውን የበደለ ሰው መፈለግ አያስፈልግም። የመጀመሪያው አኃዝ ለአዲስ እንክብል ትክክል ነበር፤ መተዉም በዘመኑ ነዳጅ ላይ ምክንያት ነበረው። ስሕተቱ የገባው የሥራው ሁኔታ ሲለወጥ ምክንያቱ አብሮ ባለመመርመሩ ነው። ነዳጁ ለእጥፍ ጊዜ ያህል እንዲቃጠል ሲወሰን የቱቦው ዝገት፣ የጋዙ ግፊት፣ የዩራኒየሙ ማበልጸጊያ ሁሉ እንደገና ተሰልተዋል። በሠንጠረዥ የታተመው አስተላላፊነት ግን የማይለወጥ ባሕርይ መስሎ ስለተቆጠረ ተራው ዘግይቶ ደረሰ።

ጥያቄውም አልተዘጋም። በ2011 በፉኩሺማ ከደረሰው አደጋ ወዲህ ለአደጋ የሚበረቱ ነዳጆችና ቱቦዎች በብዙ አገሮች ሲመረመሩ ቆይተዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲሊከን ካርባይድ ነው። ይህ ሴራሚክ አዲስ ሳለ ሙቀትን እጅግ በጥሩ ሁኔታ ያስተላልፋል፤ በኒውትሮን ሲመታ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከዚህ ችሎታው አብዛኛውን ያጣል። በንድፍ ወረቀት ላይ መጻፍ ያለበት የትኛው አኃዝ እንደሆነ የዩራኒየም ዳይኦክሳይድ ታሪክ አስቀድሞ መልሷል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። መሐንዲስ ግን እስኪጠራ ድረስ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም፤ ዛሬ ማስላት አለበት። ከሠንጠረዥ አንድ አኃዝ ሲያነሣ፣ የተለካው ዕቃ ዕድሜው ስንት እንደነበረና የርሱ ዕቃ በሥራ ላይ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጎን ለጎን አድርጎ መጠየቁ ግን ከአቅሙ በላይ አይደለም።